ከሉባባ ጋር ያቀድነው የአፍዴራ ጉዞ

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ጂን የለም እያልኩህ አይደለም፣ መኖሩን ቁርአን ነግሮናል፣ አምናለሁ፣ ግን ሾፌሮች መንገድ ዳር ሰብሰብ ብለው፣ እዚያ ኩርባ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት አስቆመችኝ፣ ዞር ብዬ ሳይ የለችም ምናምን ሲባባሉ፣ እኔ የጎማዬን ንፋስ ነው የማየው። አስራ ሰባት ዓመት ነድቻለሁ፣ ከከሚሴ ደሴ፣ ከከሚሴ አዲስ አበባ፣ በሌሊትም በጭጋግም፣ አንድም ቀን ምንም ነገር አይቼ አላውቅም። የሞተ ሰው ይመለሳል የሚለውንማ ሃይማኖቴም አይነግረኝ፣ ልቤም አይቀበለው። ይህን የማስቀድምልህ እንድታምነኝ ብዬ ሳይሆን፣ የምነግርህ ሰው ወሬ አሳዳጅ እንዳልሆነ እንድታውቅልኝ ያህል ነው።

እንድሪስ እባላለሁ። ከሚሴ ነው የምኖረው፣ አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር አለችኝ፣ ኮንትራት እሰራባታለሁ። ሉባባ ታናሽ እህቴ ናት፣ እናታችን ከእኛ ከሁለታችን ሌላ አልወለደችም፣ ወላጆቻችንም በጊዜ ስለሄዱ ያሳደግኳት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ጅዳ ሄደች፣ ሰው ቤት ለመስራት፣ አስራ አንድ ዓመት ቆየች። ተመልሳ የመጣች ቀን ከመነኸሪያው ስቀበላት አላወቅኳትም፣ ወላሂ፣ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ትንሽ ሆኖ፣ እሷ ናት ቀድማ «እንድርዬ» ያለችኝ፣ በድምጿ ነው ያወቅኳት።

እዚያ ስላለው ኑሮዋ ብዙ አታወራም ነበር። አንድ ነገር ግን ደጋግማ ነገረችኝ። ጁምዓ ጁምዓ አሰሪዎቿ ቤተሰቡን ይዘው ባሕር ዳር ይወጣሉ፣ እሷም ትሄዳለች፣ ልጆቹ አሸዋው ላይ ሲሮጡ፣ ውሃው ውስጥ ሲገቡ፣ እሷ ጫማቸውን ይዛ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ትቆማለች፣ ወርደሽ እግርሽን ንከሪ ያላት ሰው የለም፣ እሷም ልውረድ ብላ ጠይቃ አታውቅም። «አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከባሕሩ የነበረኝ ርቀት ከዚህ እስከዚያ አጥር ነው» አለችኝ አንድ ቀን ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠን፣ በጣቷ አጥሩን እያሳየችኝ።

አፍዴራ እንሂድ የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔው ነኝ፣ ጥፋቱ ከእኔ ነው የጀመረው። አፍዴራ በረሃ ውስጥ ያለው የጨው ሐይቅ ነው፣ አንዴ ሠራተኞች አድርሼ አይቼዋለሁ። ሐይቅ እኮ ነው፣ ባሕር አይደለም አልኳት ደግሞ። «ጨው ካለው ባሕር ነው» አለች። ዋናው መንገድ ጨው የሚያመርቱበት ሰፈር ድረስ ይወስዳል፣ እሷ ግን ሰው ያለበትን አልፈለገችም፣ ከመንገዱ ወጥተን፣ አሸዋውን ጥሰን፣ ማንም በሌለበት ዳር ድንኳን ተክለን ሁለት ቀን እንድናድር ነው የፈለገችው። ለዚያ ደግሞ አራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ግድ ነው። እኔም አለኝ፣ ታዲያ ምን ቸገረን አልኩ።

ከዚያ ወዲህ እቅድ ብቻ ሆነ ሥራችን። ደብተር ገዛች። ከአስር ሰላት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ ግቢ ውስጥ በቆመችው መኪና ጋቢና ውስጥ ገብተን እንቀመጣለን፣ እኔ መሪው ጋ፣ እሷ በዚያ በኩል፣ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ። በባቲ አድርገን ሚሌ እንወርዳለን፣ ውሃ ስንት ጀሪካን፣ ነዳጅ ስንት፣ አካፋ፣ ገመድ፣ ክሪክ፣ አሸዋ ሲይዘን ጎማ ስር የምናነጥፈው ላሜራ፣ ሁሉንም ትጽፋለች። አሸዋ ላይ ጎማውን ማስተንፈስ እንዳለብን ስነግራት ምን ያህል እንደሆነ ጠይቃኝ እሱንም ጻፈች። ደግሞ ሁልጊዜ ጋቢና ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው መስኮቷን አራት ጣት ያህል ዝቅ ማድረግ ነው። ጅዳ የምትተኛበት ክፍል መስኮት አልነበረውም፣ ከዚያ ወዲህ የተዘጋ ነገር ያፍናት ነበር፣ ብርድም ቢሆን አቧራም ቢሆን አትሰማም።

መሪ ደግሞ ያስፈልገናል፣ በረሃ ያለ አገሬው ሰው አይገባም። ሰንበቴ ገበያ ከብት ይዘው የሚመጡ አባ ያዮ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ አውቃለሁ፣ በወጣትነታቸው በዚያ መስመር ጨው በግመል ያመላለሱ ናቸው። ሉባባን ይዣት ሄድኩ። መኪናው መስኮት ላይ ተደግፈው አነጋገሯት።

«ሴት ልጅ እዚያ በረሃ ምን ልትሠራ ነው?» አሏት።

«አባ ያዮ፣ አስራ አንድ ዓመት የሰው ልጆች ጫማ ይዤ ቆሜያለሁ» አለቻቸው፣ «አሁን የራሴን ማውለቅ አማረኝ።»

አዩዋትና «እንግዲያው እኔ አደርስሻለሁ» አሉ። ቀኑን ስትቆርጡ ብቻ ንገሩኝ፣ የገበያ ቀን እዚሁ ነኝ አሉን። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ሳቀች።

በሳምንቱ ነው ደሴ ሐኪም ቤት ይዣት የሄድኩት፣ እግሯ ማበጥ ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ እሷን ላቦራቶሪ በር ላይ አስቀምጦ እኔን ብቻዬን ጠራኝ። ሁለቱም ኩላሊቷ አልቋል አለኝ። ጨው በፍጹም እንዳትቀምስ፣ ሙቀት ያለበት አገር፣ ረጅም መንገድ፣ አይሆንም፣ ወራት ነው ያላት አለኝ። ለእሷ ምን ልበላት አልኩት። «እሱን አንተ ታውቃለህ፣ እህትህ ናት» አለኝ። እኔ ደግሞ ምንም እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው። ወጥቼ «ትንሽ ኢንፌክሽን ነው፣ ጨው ብቻ ቀንሺ» አልኳት።

ጉዞውን ግን ምን ብዬ ላስቀረው? አስበህ እየው። አይሆንም ካልኳት ለምን ትለኛለች፣ ለምኑን ከነገርኳት ደግሞ ሌላውን ሁሉ መንገሬ ነው። ስለዚህ መኪናዋ ላይ ዋሸሁ። ፎርዊሉ አልገባ አለ አልኳት፣ የፊቱ ጎማ አይስብም፣ ዕቃው ካልመጣ አሸዋ ውስጥ መግባት ሞት ነው አልኳት። መኪናዋ ምንም አልሆነችም ነበር። ሦስት ጊዜ ቀን ቆርጠን ሦስቱንም ጊዜ በዚሁ ሰበብ አስተላለፍኩት። በመሃሉ አንድ ቀን የወርቅ ጆሮ ጌጧን በሶፍት ጠቅልላ መጣች፣ ከጅዳ ይዛ የገባችው ነገር ያ ብቻ ነበር፣ «ሽጠህ ዕቃውን አስመጣ» አለች። አልቀበልም ብል ውሸቴ ይጋለጣል። ተቀበልኳት። ወላሂ ያን ሶፍት ኪሴ ውስጥ ስከት የተሰማኝን ለጠላቴም አልመኝለትም። በኋላ በስሟ ለድሆች ሰደቃ አወጣሁት፣ ግን እሱም ያን ቀን አላጠበልኝም።

ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው የሄደችው። የመጨረሻ የጠየቀችኝ ነገር «መኪናዋ ደረሰች?» የሚል ነው። ነገ ትወጣለች አልኳት። «አልሃምዱሊላህ» አለች፣ ከዚያ ተኛች፣ በዚያው ቀረች። አላህ ይርሀማት።

እስካሁን ያወራሁህ የማንም ቤት ታሪክ ሊሆን ይችላል። የሚከተለው ነው ግራ ያጋባኝ።

አርባ ቀኗ ካለፈ በኋላ አባ ያዮ ትዝ አሉኝ። ሰውየው ቀን ይነግሩኛል ብለው እየጠበቁ ነው፣ ስልካቸው ቆላ ሲወርዱ አይሠራም፣ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። ድንኳኑንም ሰንበቴ ከሚኖር ሰው ነበር የተዋስኩት፣ እሱንም ልመልስ ብዬ በገበያ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ከከሚሴ ወጣሁ። ብቻዬን ነኝ። ከኋላ ባዶ ጀሪካኖችና ትርፍ ጎማ ስለነበሩ፣ ድንኳኑን ከነጥቅሉ ሉባባ ትቀመጥበት በነበረው ጋቢና ወንበር ላይ አቁሜ በቀበቶ አሰርኩት። ይህን በደንብ ያዝልኝ፣ ወንበሩ ላይ የነበረው ድንኳን ነው።

ጨፋ ሮቢት ስደርስ ፍጥነት ቀነስኩ። ፓፓያ የምትሸጥ ሴትዮ እየሮጠች መጣች፣ ወደ እኔ በኩል ሳይሆን ዞራ ወደዚያኛው መስኮት ሄደች። ሳህኗን ከፍ አድርጋ አሳየች፣ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ አልፈልግም የተባለ ሰው እንደሚያደርገው ፈገግ ብላ ራሷን ነቅንቃ ወደ ኋላዬ መኪና አለፈች። እኔን ዓይኗም አላየኝ። ያኔ ምንም አላልኩም፣ ሰው ቸኩሎ የሚያደርገው ነገር ብዙ ነው። ልነሳ ስል ግን መስኮቱን አየሁት፣ አራት ጣት ያህል ወርዷል። ከቤት ስወጣ ዘግቼዋለሁ፣ አቧራ ድንኳኑን እንዳያበላሽብኝ ብዬ በእጄ ነው ያጠበቅኩት። እጀታው አርጅቷል አልኩና ጎንበስ ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

ሜዳውን እያቋረጥኩ ሳለ ከኋላ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ጀሪካን ውስጥ ያለ ውሃ መኪና ሲነቃነቅ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቀዋለህ፣ ቿ ቿ የሚል፣ ከባድ። የሞላ ጀሪካን ድምፅ ነው፣ ባዶ እንደዚያ አይልም። ዳር ይዤ ቆምኩ። ወርጄ ከኋላ ከፈትኩ፣ አምስቱንም አንድ በአንድ አነሳሁ፣ ደረቅ ናቸው፣ አንዱን ገልብጬ መታሁት፣ ከውስጡ የወጣው አቧራ ነው። ገብቼ መንዳት ስጀምር ድምፁ የለም። ቢስሚላህ አልኩ፣ ከቁርአን አየተል ኩርሲን ቀራሁ፣ ሬድዮ ከፈትኩ። ፍራቻ ነበር ብልህ ዋሸሁ፣ የነበረው ሌላ ነገር ነው፣ ሰው ቤትህ መጥቶ በር ሳያንኳኳ ደጅ ቆሞ እንደሆነ ሲሰማህ ያለው ዓይነት ስሜት።

ሰንበቴ ገበያው ደርቷል፣ ግመሉ፣ ከብቱ፣ ከደጋ የወረደው፣ ከቆላ የመጣው፣ መተላለፊያ የለም። ከበረቱ ዳር አንዲት ግራር ጥላ ስር አቆምኩ። ሞተሩን ሳጠፋ ሬድዮውም ጠፋ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ጋቢናው ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ምን ብዬ እንደምነግራቸው እያሰብኩ መሪውን ይዤ ተቀምጬ ሳለ አባ ያዮ ራሳቸው በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡ። በዚያኛው በኩል ነው የመጡት። መስኮቱ ላይ በክርናቸው ተደገፉ፣ መስኮቱ ደግሞ ወርዷል፣ አራት ጣት ያህል።

«ደህና ነሽ?» አሉ።

ብዙ ቋንቋ የሚቀላቅል ሰው አንዳንዴ ወንዱን በሴት ይጠራል፣ እኔም ያኔ እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ግን ዓይናቸው ወደ እኔ አይደለም። ዓይናቸው ወንበሩ ላይ ነው።

«ከስተሻል» አሉ ቀጥለው። ቆይተው ደግሞ «አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ልጆቹም ደህና ናቸው፣ ዝናብም አልጠፋም» አሉ፣ ልክ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ዝናቡ የጠየቃቸው ሰው እንዳለ። የቀኝ ዓይናቸው ላይ ነጭ ነገር አለ፣ ከድሮም የነበረ ነው፣ ድንኳኑ ደግሞ የሰው ቁመት ያህል ተቀምጧል፣ ሸራው ላይ የሉባባ ጥቁር ሻሽ ታስሮበታል፣ ጥቅሉ እንዳይፈታ ያሰርኩበት። ተሳስተው ነው፣ ንገራቸው እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። አፌ ግን አልከፈት አለ።

«አምስት አይበቃም» አሉ፣ «ስድስት ጀሪካን ያዙ። ከሰሉን ተዪው፣ እኔ አመጣለሁ። የድንኳኑን በር ወደ ውሃው አታዙሩት፣ ንፋሱ አሸዋ ያጎርሳችኋል።» ከዚያ የሆነ ነገር የሰሙ ይመስል ጆሯቸውን ወደ ክፍተቱ አስጠጉና ሳቁ። «ጨው ከለከሉሽ? ጨው የተከለከለ ሰው ወደ ጨው ባሕር እንዴት ይሄዳል?»

አስተውል። ጨው የተከለከለችው እሳቸውን ካገኘቻቸው በሳምንቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አላገኘቻቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ለምን ዝም አልክ ትለኝ ይሆናል፣ ሚስቴም ጠይቃኛለች። እውነቱን ልንገርህ፣ አባ ያዮ፣ ሉባባ ሞታለች ብዬ ብናገር የምትነሳና የምትሄድ መሰለኝ። ወደ ጎን ዞሬም አላየሁም። ካየሁ ድንኳን ነው የማየው። ካላየሁ ግን፣ ለዚያች ለአጭር ጊዜ፣ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ በደብተሯ የጻፈችውን ጉዞ እያወራች ነው። ምን ላድርግ? ፊት ለፊት የቆመ ግመል እያየሁ፣ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

አባ ያዮ ሳቃቸውን አቆሙ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ታዲያ ይህን እሱ ያውቃል?» አሉ፣ በዓይናቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። መልስ እንደሰሙ ሁሉ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ፊታቸው ተለወጠ፣ አዘኑ። ከዚያ ከመስኮቱ ትንሽ ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጡን። ሁለት ሰዎች የግል ነገር ሲነጋገሩ ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው። ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። ጋቢናው ውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም፣ በጆሮዬ የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ዞር ብለው «በሉ እንግዲህ፣ እናንተ ከተስማማችሁ እኔ ምን ቀረኝ» አሉ፣ የመስኮቱን ጠርዝ በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ። ያኔ ነው ዞሬ ያየሁት። ድንኳን ነው። ቀበቶው እንደታሰረ፣ ሻሹ እንዳለ። ድንኳኑን ሳልመልስ፣ ለማንም ምንም ሳልናገር ሞተር አስነስቼ ከሚሴ ገባሁ፣ መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም።

በሚቀጥለው ገበያ ተመልሼ ሄድኩ፣ አባ ያዮ ከብት ይዘው ቆላ ወርደዋል ተባልኩ። በሌላውም አልነበሩም። በሦስተኛው አገኘኋቸው፣ በረቱ አጥር ስር ተቀምጠው። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሉባባ መሞቷን፣ እኔ የመጣሁ ቀን አርባዋ አልፎ እንደነበር። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፣ ከዚያ በትራቸውን መሬት ጥለው እጄን ያዙኝ። ቀልድ እንዳልሆነ፣ ሊያታልሉኝ እንዳልፈለጉ የገባኝ ያኔ ነው።

«ዓይንዎት አሳስቶዎት ይሆን?» አልኳቸው።

«የታመመው አንዱ ዓይኔ ነው» አሉ፣ «ጆሮዬ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን አለች? እሱ ያውቃል ያሉት ምኑን ነው?»

«መኪናው ደህና እንደነበረ ታውቃለች። ለምን እንደዋሸሃትም ታውቃለች። ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር አለችኝ።»

እንግዲህ ያን ጊዜ ምን እንደሆንኩ አልነግርህም። ሰው በሞላበት በረት ዳር፣ ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባ ያዮ እጄን አልለቀቁኝም። ሲበርድልኝ «ከዚያስ? እርስዎ ጀርባዎን ሲሰጡን?» አልኳቸው።

«ከዚያማ አንድ ነገር ጠየቀችህ።»

«ምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እህትና ወንድም ሲነጋገሩ አልሰማም ብዬ እኮ ነው የዞርኩት።»

«የጉዞው ነገር ነው?»

«የጉዞውንማ ጨርሰን ነበር። ሌላ ነው።» ትክ ብለው አዩኝ። «እንዴት ትጠይቀኛለህ? አንተ አይደለህ እንዴ የመለስክላት። የእሷ ቃል ባይለይልኝም የአንተን ሰማሁ፣ እሺ አልካት። ደግማ ጠየቀችህ፣ አንተም እሺ ሉባባ አልክ። ድምፅህን አላውቀውም?»

እኔ ያን ቀን አፌን አልከፈትኩም። በአላህ ስም እምልልሃለሁ፣ ከንፈሬም አልተንቀሳቀሰም።

የሰፈራችን ሼህ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ሸይጣን በሰው ሐዘን ይጫወታል፣ ጂን የሰው ድምፅ ያወጣል፣ የሞተችው ሥራዋን ይዛ ሄዳለች፣ አንተ ዱዓ አድርግላትና ተወው አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ዱዓ አደርጋለሁ። ግን እቤቴ ስገባ አስባለሁ፣ ጂን ከነበረ ምን ስጠኝ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት? እሷ ከነበረችስ፣ ያን ሁሉ ዋሽቻት፣ ዳግመኛ ቃል ገብቼላት፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት ነው የምፈጽምላት? ይቅርታ አድርግልኝ ብላኝ ይሆን፣ ወይስ ና ብላኝ?

ሚስቴ ልብ ብላ ነው የነገረችኝ፣ እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው አንድ ነገር ሲለምነኝ እሺ አልልም፣ «ይሁን» ነው የምለው፣ ለልጆቼም፣ ለደንበኞቼም። እሺ ልል ብሞክርም «ይሁን» ሆኖ ነው የሚወጣው። ያቺን ቃል አንዴ ለሉባባ ሰጥቻታለሁ፣ ለምን ነገር እንደሰጠኋት ግን የሚነግረኝ ሰው የለም።